የእንግሊዝ ገጠር የድንጋይ ቤቶች መቶ ዓመታትን ሲሻገሩ የእኔ ግድግዳ በየክረምቱ ለምን ይረጥባል?

ነዋሪ ከሽምብጥ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጉዳዬ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ፣ አባቴ ከ50 ዓመት በፊት ባሠራው የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው በዚሁ አካባቢ በተለቀመ ጥቁር ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ሲሆን ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር ይሆናል፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ውስጡ በጭቃና በጭድ ተለስኖ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ኖራ ይቀባ ነበር። በልጅነቴ ግድግዳው ሲረጥብ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከ6 ዓመት በፊት ቤቱን እናጠንክረው ብለን አንድ ሥራ ተቋራጭ አነጋገርን። እርሱም በውጭ በኩል የድንጋዩን መጋጠሚያ ሁሉ በሲሚንቶ ሞላው፤ በውስጥም የጭቃውን ልስን አራግፎ በሲሚንቶ ለሰነው። ሥራው ሲያልቅ ቤቱ አምሮ ነበር። ሆኖም ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል፣ ከሥሩም ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል፣ የልጆቼም መኝታ ክፍል ይሸታል። ሁለት ጊዜ አስፍቀን እንደገና በሲሚንቶ አስለስነነዋል፤ በሦስተኛው ክረምት እርጥበቱ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ወጣ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ እንግሊዝ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ግሎስተርሺር በሚባለው ክፍለ አገር ባይበሪ የምትባል መንደር ጎብኝቶ፣ በአንድ ረድፍ እርስ በርስ ተያይዘው የቆሙ የድንጋይ ቤቶችን ፎቶግራፍ ላከልኝ። ግድግዳው ድንጋይ፣ የመስኮቱ መቃን ድንጋይ፣ ጣራው ራሱ ድንጋይ ነው። ዝናብ የማያጣው አገር ውስጥ፣ ሲሚንቶ ከመታወቁ በፊት የተሠሩ ቤቶች እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው ከሆነ፣ ግንበኞቹ የሚያውቁት እኛ ግን የዘነጋነው አንድ ነገር ያለ መሰለኝ። ስለ አሠራራቸው የምታውቁ እንድታስረዱኝ፣ ለእኔም ቤት የሚሆን ነገር ካለው እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጥንታዊ ቤት ጠጋኝ

እህቴ፣ ወንድምዎ ፎቶግራፍ ያነሣው ረድፍ አርሊንግተን ረው ይባላል። ወደ ባሕር ዳር ከመመለሴ በፊት በዚያ አካባቢ አሮጌ ቤቶች በሚጠገኑበት ሥራ ላይ ለጥቂት ዓመታት ስለ ቆየሁ፣ በእጄ የነካሁትን ያህል ልንገርዎ። የእንግሊዝን ነገር ስጽፍ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ረድፉ መጀመሪያ ሲሠራ መኖሪያ አልነበረም። በ1380 ገደማ የአንድ ገዳም የበግ ጠጕር ማከማቻ ሆኖ ተሠራ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ተከፋፍሎ የሸማኔዎች ቤት ሆነ። የሠሩትንም ጨርቅ ከቤቶቹ ፊት ለፊት፣ በኮልን ወንዝ አጠገብ ባለው ለምለም መስክ ላይ እየዘረጉ ያደርቁ ነበር። ኮትስዎልድስ የሚባለው ያ ኮረብታማ አገር በሙሉ በበግ ጠጕር የበለጸገ ነው፤ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናትና የነጋዴዎቹ ቤቶች የተሠሩት በዚያ ገንዘብ ነው። በኋላ የጨርቅ ሥራው የድንጋይ ከሰልና የእንፋሎት ኃይል ወደሚገኝበት ወደ ሰሜኑ ክፍል ሲሄድ መንደሮቹ ደኸዩ። አፍርሶ አዲስ ቤት ለመሥራት አቅም ያለው ሰው በመጥፋቱም አሮጌዎቹ ቤቶች ባሉበት ቀሩ። ዛሬ በሀብታሞች ዋጋ የሚሸጡት እነዚህ ቤቶች ከመፍረስ የተረፉት በድህነት ምክንያት መሆኑን ብዙ ጎብኚ አያውቅም።

ወደ ድንጋዩ ልምጣ። የዚያ አገር ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ከ160 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት አገሩ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ሥር በነበረበት ጊዜ የተፈጠረ ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ልክ እንደ ዓሣ እንቁላል ጥቃቅን ክብ ፍሬዎች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው የአምባዛ ወይም የቀረሶ ሆድ ሲከፈት የሚያየውን ዕንቁላል ያስታውስ፤ ያ ወደ ድንጋይነት ቢለወጥ ይህን ይመስላል። የአገሩ ሊቃውንትም ለድንጋዩ ያወጡለት ስም የዕንቁላል ድንጋይ ማለት ነው። በውስጡ ያለው የብረት ዝገት በሰሜኑ በኩል የማር ቀለም ይሰጠዋል፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ወደ ነጭነት ያደላል። ከጉድጓዱ አዲስ ሲወጣ ውስጡ እርጥብ ስለ ሆነ ለመጋዝና ለመሮ የተመቸ ነው፤ ነፋስ ካገኘው በኋላ ግን ያ እርጥበት ወደ ፊቱ እየወጣ ሲደርቅ ፊቱን ያጠነክረዋል። ስለዚህ ጠራቢዎቹ የመስኮቱን መቃን፣ ጉበኑንና የማዕዘኑን ድንጋይ ሳይደርቅ ይጠርቡታል።

ግድግዳውን ጠንካራ የግንብ አለት አድርገው አያስቡት። ከውጭ አንድ ረድፍ፣ ከውስጥ አንድ ረድፍ ድንጋይ ተደርድሮ መካከሉ በጠጠርና በስብርባሪ የተሞላ ነው፤ በየተወሰነው ርቀት ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ሁለቱን ፊት ያስተሳስራል። ውፍረቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከአባትዎ ግድግዳ ብዙ የራቀ አይደለም። የባለጸጎቹ ቤት ፊት በጥርብ ድንጋይ ተሠርቶ በኖራ ይያያዛል፤ የድኾቹ ቤት ግን ብዙ ጊዜ በጭቃ ተገንብቶ ከውጭ ብቻ መጋጠሚያው በኖራ ይሞላል። እንግዲህ ባይበሪን በሚመስሉ መንደሮች ውስጥ ያለው ተራ ቤትና የሽምብጡ ቤትዎ ዘመዳሞች ናቸው።

የሚለዩት በጣራው ነው፤ ጣራውን ሳያዩ ግድግዳውን መረዳት አይቻልም። የሚከድኑት በስሱ የሚሰነጠቅ የኖራ ድንጋይ ነው። ኦክስፎርድሺር ውስጥ ስቶንስፊልድ በምትባል መንደር ድንጋዩን በመጸው ቆፍረው እያወጡ መስክ ላይ ይዘረጉትና እንዳይደርቅ ውኃ እያጠጡ የብርዱን ወቅት ይጠብቃሉ፤ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ድንጋዩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይሰነጥቀዋል። ሌሊት ውርጭ የጣለ እንደ ሆነ ሰዎቹ ተነሥተው ድንጋዩን ውኃ እንዲያጠጡ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወል ነበር ይባላል። ከዚያ እያንዳንዱን ሰሌዳ ቀጥቅጠው ቅርጽ ያስይዙታል፣ ከራሱ ላይ ቀዳዳ ይበሱለታል፣ በኦክ እንጨት ችንካር ከማገሩ ላይ ያንጠለጥሉታል። ትልልቁ ከታች በክፈፉ ላይ ይቀመጥና ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ረድፍ በሥሩ ያሉትን ሁለት ረድፎች ስለሚነካ ዝናብ የሚያገኘው ስንጥቅ የለም። ከሥሩ ደግሞ ነፋስና ውሽንፍር እንዳይገባ ከእንስሳ ጠጕር ጋር በተቦካ ኖራ ይመርጉታል፤ ጠጕሩ እኛ ጭቃ ውስጥ የምንጨምረውን ጭድ ሥራ ይሠራል።

የዚህ ዓይነት ጣራ 10 ካሬ ሜትሩ ወደ 1 ቶን ይመዝናል። ቁልቁለቱም 50 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ውኃ ሳያርፍ ይወርዳል። ድንጋዩ ውኃ የሚጠጣ በመሆኑ ጣራው ገደል የመሰለው ለውበት ብቻ ብለው አይደለም። ከመስኮቶቹም በላይ ወጣ ብሎ የሚታየው የድንጋይ ቅንድብ በግድግዳው ፊት የሚወርደውን ውኃ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ለመመለስ የተቀመጠ ነው፤ የሰው ቅንድብ ላብን ከዓይን እንደሚመልስ ማለት ነው። ቤት ውስጥም ምድጃው ቀን ከሌት ይነድድ ስለ ነበር ትልቁ የጭስ መውጫ አየሩን እየሳበ ግድግዳውን ያደርቀው ነበር።

አሁን የእርስዎን ጥያቄ ሥር እነካለሁ። እነዚያ ቤቶች ውኃ አይገባባቸውም ብለው አያስቡ። ይገባባቸዋል። ነገር ግን የገባው ውኃ በለስላሳው ኖራ መጋጠሚያ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ዛሬ የምናውቀው ሲሚንቶ መነሻ የሆነው ፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘው በ1824 ነው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በእነዚህ ቤቶች መጋጠሚያ ሁሉ ገባ። ከአንድ ቤት ግድግዳ ፊት ቆሜ ያየሁትን አልረሳውም። ሲሚንቶው እንደ ተመረገበት ቀን ነቅነቅ ሳይል ቆሟል፤ ድንጋዩ ግን በሁለትና በሦስት ጣት ወደ ውስጥ ተበልቶ ስለ ነበር የሲሚንቶው መስመር ማሩ እንደ ወጣለት ሰፈፍ ብቻውን ቀርቷል። በጣቴ ብነካው ድንጋዩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል እየወጣ፣ በውስጡ ያለውም ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ እየረጋ፣ በብርዱም ወቅት ውርጩ እያፈነዳው ያደረሰበት ጉዳት ነው። በእርስዎ ቤት ቀለሙን የሚያነፋውና ነጭ ዱቄት ሆኖ የሚታየው ያው ጨው ነው ብዬ አምናለሁ።

የድሮ ግንበኛ

እኔ እንግሊዝን አላየሁም፤ ባሕር ዳር ውስጥና በዙሪያዋ ግን ከ40 ዓመት በላይ ድንጋይ ገንብቻለሁ። ጠጋኙ ወንድሜ የተናገረውን ከራሴ ሥራ አንጻር ላስተካክልና ልጨምርበት።

የእኛ ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ግማሹ ጥቃቅን ቀዳዳ ይበዛበታል፣ ግማሹ ደግሞ መዶሻ የሚያነጥር ድፍን ነው። ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ውኃ በውስጡ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በእኛ ግድግዳ ውስጥ ውኃው የሚኖረው ጭቃው ውስጥ ነው፤ የሚገባውም የሚወጣውም በመጋጠሚያው በኩል ነው። ያን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሲዘጉት በእንግሊዝ እንደሆነው ድንጋዩ አይበላም። ጥቁር ድንጋይ እንኳን ለጨው ለመዶሻም አይበገርም። ይልቁን ውኃው ፊቱን ወደ ቤት ውስጥ ያዞርና በልስኑ በኩል ይወጣል፤ ጭቃውም መካከል ላይ እንደ ራሰ እየከረመ ጉልበቱን ያጣል። ልጄ፣ የእርስዎ ግድግዳ ፊቱ አምሮ ሆዱ እየላላ እንዳይሆን እሰጋለሁ። አሮጌ ቤት ስናፈርስ ከሲሚንቶው ጀርባ ጭቃው እንደ በሶ ጭብጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይሁን እንጂ ግድግዳውን ከመንካትዎ በፊት ከቤቱ ውጭ ቆመው መሬቱን ይመልከቱ። በከተማችን ብዙ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሏል፤ ግቢውም እንዲሁ በአፈር እየተሞላ የአሮጌው ቤት ወለል ከደጁ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። የእርስዎም ቤት እንደዚህ ከሆነ ኖራም ሲሚንቶም አያድንዎትም። በግድግዳው ዙሪያ ያለውን አፈር ከወለሉ በታች እስኪሆን ድረስ ያስነሡ፤ ስንዝር ተኩል ያህል ዝቅ ቢል መልካም ነው። ውኃውም ከቤቱ እንዲርቅ ቦይ ያስቀድዱለት። የቆርቆሮው ክፈፍ አጭር ከሆነ ይረዝም፣ አሸንዳም ይግባለት። ከጣራ ወርዶ መሬት ላይ የሚፈነጥቀው ውኃ ብቻውን የግድግዳን ግርጌ እስከ ጉልበት ያረጥባል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። በአሁኑ ጊዜ ኖራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ለአሲዳማ መሬት ለገበሬው የሚታደለውን ነው። ያ ተፈጭቶ እንጂ ተቃጥሎ አይደለም፤ እንደ ድንጋይ ዱቄት ነውና ግንብ አይዝም። ለግንብ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ በእቶን ተቃጥሎ ከዚያ በውኃ የጠፋው ነው። ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ እጅና ዓይን ያቃጥላል፤ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ። ጠፍቶ ከወራት በላይ በጉድጓድ የከረመው ደግሞ ቅቤ ሆኖ ከማንኪያ ጋር ይታዘዛል።

ኖራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ባለው ጠባብ ገደል ላይ የቆመው የዓላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖራ የተገነባ ነው፤ እስከ ዛሬ እግረኛና የጭነት አህያ ይተላለፍበታል። ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለውን የማርያም ግምብ ፍርስራሽ ያየ ሰውም የሱስንዮስ ዘመን ግንበኞች በኖራ ምን ያህል ርቀው እንደሄዱ ይመሰክራል።

ወጣት መሐንዲስ

ለጋሼም ለጠጋኙም ከፍ ያለ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ሲሚንቶን እንደ ክፉ ነገር ብቻ ማቅረቡ አይመቸኝም። መጀመሪያ፣ አየሩ የተለያየ ነው። ኮትስዎልድስ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በ12ቱም ወራት ላይ ተበትኖ ይወርድለታል፤ ባሕር ዳር ግን 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ታገኛለች፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይዘንባል። በዚያ አገር ግድግዳውን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው ውርጭ በእኛ ዘንድ የለም። እንግሊዞች ውርጭን ለመከላከል የደረሱበትን ጥበብ እንደ ወረደ ወደ ጣና ዳር ማምጣት አያስኬድም።

ሁለተኛ፣ የተቃጠለ ኖራ እንደ ሲሚንቶ በየሱቁ አይሸጥም። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ስለሚመለስ ወራት ይፈልጋል። ተቀጣሪ ሠራተኛ ይዞ ወራት የሚጠብቅ የቤት ባለቤት ጥቂት ነው። ደግሞም በሲሚንቶ ተጀምሮ በሲሚንቶ ያለቀ፣ መሠረቱ ላይ እርጥበት መከላከያ የገባለት ቤት በዚሁ ሐይቅ ዳር ደርቆ ይኖራል። ስለዚህ ጥፋቱ የሲሚንቶ ነው ከማለት በፊት ሥራው በአግባቡ ተሠርቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የእንግሊዙም ቤት ገነት አይደለም። እንደማነበው አሮጌዎቹ ቤቶች ቀዝቃዛ ናቸው፣ ለማሞቅ ብዙ ወጪ ይጠይቃሉ፣ መስኮታቸው ጠባብ ነው፤ በሕግ ስለ ተጠበቁም ባለቤቱ መስኮት ለመለወጥ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ጥንታዊ ቤት ጠጋኝ

ወንድሜ፣ ያነሣኸው ቁም ነገር ነው፤ አብዛኛውንም እቀበላለሁ። በሲሚንቶ ተጀምሮ በሲሚንቶ ያለቀ ቤት ሌላ ሕግ ያለው ቤት ነው። እኔ የምቃወመው ለስላሳውን ነገር በጠንካራ ነገር መሸፈንን ነው። በአንድ ግድግዳ ውስጥ መጋጠሚያው ከድንጋዩና ከጀርባው ካለው ነገር የላላ መሆን አለበት፤ ቤቱ ሲንቀሳቀስ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚሰነጠቀው መጋጠሚያው እንዲሆን ነው። የተሰነጠቀ መጋጠሚያ በጥቂት ኖራ ይታደሳል፤ ቀጭን ስንጥቅ ሲሆን እንዲያውም በዝናብ የሟሟው ኖራ ስንጥቁ ውስጥ ተመልሶ ሲረጋ ራሱን ይደፍናል። በጭቃ ግንብ ላይ የተመረገ ሲሚንቶ ግን ሲሰነጠቅ ውኃ ያስገባል እንጂ አያስወጣም።

ስለ ውርጭ የተናገርኸው ልክ ነው። ይሁንና ውርጭ ስለ ሌለን የእኛ ግድግዳ የማድረቂያ መንገድ አያስፈልገውም ማለት አይቻልም፤ በአራት ወር ውስጥ የጠጣውን በቀሩት ስምንት ወራት መትፋት አለበት። ይህ ለእኛ ከእንግሊዞቹ የተሻለ ዕድል ነው። ረጅም በጋ አለን።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። በእንግሊዝ ከ1947 ወዲህ ታሪካዊ ሕንፃዎች በመዝገብ ተይዘው በሦስት ደረጃ ይጠበቃሉ፤ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ይገኛሉ፣ ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት በመጨረሻው ደረጃ ያሉ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ተራ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ከሕጉ 70 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1877፣ ገጣሚውና የእጅ ጥበብ ሰው የሆነው ዊልያም ሞሪስና ባልንጀሮቹ አሮጌ ሕንፃን አሳምሮ አዲስ ከማስመሰል ይልቅ የተጎዳውን ብቻ በልኩ መጠገን ይገባል ብለው ማኅበር አቋቋሙ። አርሊንግተን ረውን የመሰለ ቦታ ባለበት የቆየው በዚህ ዓይነት ሰዎች ጽናት ነው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በጎንደር የፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግኖ ነበር፤ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል። ትምህርቱን ከእንግሊዝ ብቻ አላመጣሁትም፤ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀን።

ኖራ የማግኘቱ ችግር እውነት ነው። ለእህታችን ግድግዳ ግን ኖራ የግድ አይደለም። ግድግዳው የተገነባው በጭቃ ስለ ሆነ በውስጥ በኩል አባቷ ይጠቀሙበት የነበረው ጭቃና ጭድ ይበቃል፤ ኖራው ዝናብ ለሚመታው ለውጩ መጋጠሚያ ብቻ ይፈለጋል። አንድ እጅ የጠፋ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ ሻካራ አሸዋ ጋር ተለውሶ፣ ከተመረገ በኋላ ለሁለት ሳምንት በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ከፀሐይ ይጠበቅ። ሥራው በክረምትም በሚያቃጥለው መጋቢትም አይሆንም።

የዘጌ ልጅ

ከንግግራችሁ አንዱን ነገር በቤታችን አውቀዋለሁና ልጨምር። ዘጌ ውስጥ ያሉትን እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ያያችሁ ሁሉ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ መሆኑን ታውቃላችሁ። ዝናብ የሚያጠፋው ነገር ነው። ግን ጣራው ሰፊ ነው፤ ክፈፉ ከግድግዳው ርቆ ስለሚወርድ ውሽንፍር ጭቃውን አያገኘውም። በመቅደሱ ግድግዳ በጨርቅ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች ዕድሜ ያገኙት በዚህ ነው። ጋሼ ክፈፉ ይርዘም ያሉት ከሁሉ ይቅደም እላለሁ። የግቢያችን የድንጋይ ካብም አንዳች ጭቃ የለውም፤ ዝናቡ በመካከሉ ስለሚያልፍ አያቴ የካቡት ዛሬም ቆሟል።

ጥያቄ አለኝ፤ የሐይቁ ውኃ ከፍ ሲል ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ምን ታደርጉታላችሁ?

የድሮ ግንበኛ

ልጄ፣ ጥሩ አነሣህ። ሐይቁ የሚሞላው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል። በሽምብጥ በኩል የጉድጓድ ውኃ ያኔ ወደ ላይ ይቀርባል። ስለዚህ እርጥበቱን ያየ ሰው በጥቅምት ልስን ቢያራግፍ ግድግዳው አልደረቀም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አራግፎ ትቶት እስከ ጥር ይታገሥ። ከሥር የሚመጣውን ውኃ ጨርሶ ማስቀረት በአሮጌ ቤት አይቻልም፤ ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፎ ሲሚንቶ ማፍሰስም ውኃውን ወደ ግድግዳው ግርጌ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም። በቤቱ ዙሪያ በጠጠር የተሞላ ቦይ ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ቁም ሣጥን በስንዝር ማራቅ፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ነዋሪ ከሽምብጥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉኝን አድርጌ መጀመሪያ ወደ ውጭ ወጣሁ። በውኃ ልክ ስናየው በሰሜን በኩል ግቢው ከወለላችን በ22 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ለካ አባቴ ሲገነባ በሌላው በኩል ደጁ ላይ የነበሩት ሦስት ደረጃዎች ዛሬ አንድ ብቻ የቀረው በዚህ ምክንያት ኖሯል፤ ሁለቱ ከአፈር በታች ናቸው። ቆፍረን አገኘናቸው።

ከዚያ ከልጆቹ ክፍል ጥግ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ አንድ ክንድ ስፋት ያለው የሲሚንቶ ልስን አስነሣሁ። መሮው ሲመታው እንደ ሸክላ ሳህን ተቦጭቆ ወደቀ፤ ከኋላው ያለውን ጭቃ በእጄ ዘግኜ ስጨብጠው የጣቶቼን ቅርጽ ይዞ ቀረ። ከላይ፣ ከትከሻዬ በላይ ባለው ቦታ ላይ ግን ጭቃው ደረቅ ነው፤ አባቴ የጨመሩት ጭድ እንኳ ቢጫነቱን አልለቀቀም። መሐንዲሱ ወንድሜ ሥራው በአግባቡ ተሠርቷል ወይ ብሎ ለጠየቀው፣ ሲሚንቶው በጥራት የተሠራ ነበር፤ ስንጥቅ አላገኘሁበትም።

ልስኑ በተነሣበት ጥግም በቀረውም ግድግዳ ላይ የእርጥበቱን ጫፍ በእርሳስ አስምሬ ቀኑን ጽፌበታለሁ። ይህ ከሆነ 19 ቀን ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው በተነሣው ጥግ እርጥበቱ ከመስመሩ በአራት ጣት ዝቅ ብሏል፤ በሲሚንቶ እንደ ተሸፈነ ባለው በቀረው ግድግዳ ላይ ግን እርጥበቱ ባለበት ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለውን የሚቀጥለውን ክፍል ቅዳሜ እናነሣለን። ደጀን ወይም ሌላ ቦታ ለግንብ የሚሆን የተቃጠለ ኖራ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ በዚሁ ይጻፍልኝ፤ ጋሼም ፈቃድዎ ከሆነ የውጩ መጋጠሚያ ሲጀመር አንድ ቀን መጥተው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።